«የት ነህ?» ሲሉን በቁጥር እንመልስ



ወደ ደብረ ወርቅ የመጣ እንግዳ የአንድ ሰው ቤት ቢጠፋው የሚሰጠው ምሪት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነው፦ «ከገበያው ወጥተህ ቁልቁል ውረድ፤ ትልቁን ዛፍ ስታልፍ ወደ ቀኝ ታጠፍ፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ደርሰህ ደግሞ ሰው ጠይቅ።» እንግዳውም እየጠየቀ ይደርሳል። ጎረቤት ከጎረቤት በሚተዋወቅበት አገር ይህ መልካም ልማድ ነው፤ እንዲቀርም አንሻም።

ነገር ግን ሌሊት ቢሆንስ? ምጥ የያዛት እናት ቤት ውስጥ ሆና፣ መንገዱን የማያውቅ የአምቡላንስ ሹፌር በስልክ «የት ናችሁ?» ቢልስ? ውጭ አገር ያለ ልጅ ለቀዬው የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈሪያ ሊልክ አስቦ «ቦታውን በትክክል አሳዩኝ» ቢልስ? በዚያ ሰዓት ዛፉም ወፍጮ ቤቱም አይረዱም። የሚረዳው እያንዳንዱ ቦታ በምድር ላይ ያለው፣ ሌላ ቦታ የማይጋራው ቁጥር ነው። ዛሬ ይህ ቁጥር በየኪሳችን ባለው ዘመናዊ ስልክ ውስጥ ይገኛል። ሆኖም አንብቦ፣ ጽፎና ጠብቆ መያዝ ትምህርት ይጠይቃል። ትምህርቱን ደግሞ በዓለም ዙሪያ ወጣቶችና ቤተሰቦች በሚጫወቱት አንድ ጨዋታ አማካይነት መቅሰም ይቻላል።

ሁለት ቁጥሮች፣ አንድ ቦታ

በጂኦግራፊ ትምህርት እንደተማርነው ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቅን ይነግረናል። ኬንትሮስ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ግሪንዊች ላይ ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለንን ርቀት ያሳያል። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ ኮኦርዲኔት ይባላል። የምንለካው በዲግሪ ነው። አንዱ ዲግሪ በ60 ደቂቃ፣ አንዱ ደቂቃ ደግሞ በ60 ሰከንድ ይከፈላል። እዚህ ላይ ደቂቃ ስንል የሰዓቱን ሳይሆን የመሬቱን መለኪያ መሆኑን ልብ ይሏል።

የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ደብረ ወርቅ በግምት 10 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ10 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ቢቸና 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ናት። ሞጣ ደግሞ 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ ሰሜን፣ 37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ላይ ነች። ከደቡብ ወደ ሰሜን አንድ ደቂቃ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ልጆች ይቁጠሩ፦ ከቢቸና እስከ ደብረ ወርቅ 13 ደቂቃ ወደ ሰሜን ነው፤ ሲባዛ በአየር መስመር 24 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። መኪና የሚሄድበት መንገድ ግን ስለሚጠማዘዝ ከዚህ ይረዝማል።

ስልኩ ቦታውን እንዴት ያውቃል?

ብዙዎች ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው በኢንተርኔት ይመስላቸዋል። እውነታው ሌላ ነው። ጂፒኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሥርዓት 30 ያህል ሳተላይቶችን 20,200 ኪሎ ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ያንቀሳቅሳል። እያንዳንዱ ሳተላይት ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራሉ፤ የዛሬ ስልኮች ብዙዎቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ሥርዓቶች ምልክት ይቀበላሉ። ሳተላይቱ «እኔ እዚህ ነኝ፤ ሰዓቱም ይህ ነው» የሚል ምልክት ያለማቋረጥ ይልካል። ስልኩ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ ርቀቱን ያገኛል። ምልክቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከሳተላይቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው።

ይህን በቅርባችን ባሉ ከተሞች እንመስለው። አንድ ሰው «ከቢቸና 24 ኪሎ ሜትር ርቄአለሁ» ቢለን በቢቸና ዙሪያ በተሳለ ክብ ላይ የትም ሊሆን ይችላል። «ከሞጣም 57 ኪሎ ሜትር» ሲል ሁለቱ ክቦች የሚገናኙባቸው ሁለት ነጥቦች ብቻ ይቀራሉ። «ከደብረ ማርቆስም 61 ኪሎ ሜትር» ብሎ ሲጨምር ደብረ ወርቅ መሆኑን እናውቃለን። ስልኩም በሳተላይቶች የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የስልኩ ሰዓት እንደ ሳተላይቱ ሰዓት የረቀቀ ስላልሆነ ግን ስሕተቱን ለማረም አራተኛ ሳተላይት ያስፈልገዋል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በመሬት ላይ 300 ሜትር ያስታልና።

ስለዚህ ሲም ካርድ ባይኖርም፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ስልኩ ቁጥሩን ሊሰጠን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበር አይዘነጋም። የሚቋረጠው የካርታው ሥዕል መምጫ እንጂ የሳተላይቱ ምልክት አይደለም። ካርታውን ኢንተርኔት ባለበት ቀን አስቀድሞ በስልክ ላይ ያወረደ ሰው ያለ ኢንተርኔት ይጠቀምበታል። ቁጥሩንም በተራ አጭር መልእክት መላክ ይችላል።

ከስልኩ ላይ እንዴት ይነበባል?

በመጀመሪያ በስልኩ ቅንብር ውስጥ «ሎኬሽን» የሚለውን መክፈት ነው። ቀጥሎ ጉግል ማፕስን ከፍቶ ሰማያዊውን ነጥብ መፈለግ፤ ያ ነጥብ እኛ የቆምንበት ነው። ጣትን በሚፈለገው ቦታ ላይ ጥቂት ጫን አድርጎ ሲያቆዩት ቀይ ምልክት ይተከላል፤ ከላይ በመፈለጊያው ሣጥን ወይም ከታች በሚወጣው ገጽ ላይም ሁለቱ ቁጥሮች ይታያሉ። አይፎን ለያዘ ሰው «ኮምፓስ» የሚለው ፕሮግራም ቁጥሮቹን ከግርጌው ያሳያል። ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉትም አስቀድሞ በወረደ ካርታ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ።

ቁጥሩ እንዲጣራ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥርና ከግንብ አጠገብ ወጥቶ ሰማይ በሰፊው በሚታይበት ቦታ መቆም ያስፈልጋል። ስልኩ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ ወይም ኢንተርኔት ከሌለ ጥቂት ደቂቃዎችን መታገሥ ነው። ሜዳ ላይ የተለመደው ስልክ እስከ አምስት ሜትር ያህል ሊስት ይችላል። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥርና በገደል ጥግ ስሕተቱ ይጨምራል።

አንዲት ነጥብ የምታመጣው ጣጣ

እዚህ ላይ ወጣቶች አጥብቀው እንዲያስተውሉ እንሻለን። አንድ ቦታ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ይጻፋል፦ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ፤ ወይም በዲግሪና ነጥብ ባለው ደቂቃ፤ ወይም ነጥብ ባለው ዲግሪ ብቻ። ሦስቱን ያደባለቀ ሰው እንግዳውን ሌላ አገር ይሰደዋል።

ለምሳሌ 10 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ነጥብ ባለው ዲግሪ ሲጻፍ 10.667 ነው፤ 40 ለ60 ተካፍሎ 0.667 ይሆናልና። 38 ዲግሪ ከ10 ደቂቃም 38.167 ይሆናል። አንድ ሰው ይህን ሳያሰላ «10.40፣ 38.10» ብሎ ቢልክ ደብረ ወርቅን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወስዶ ከቢቸና በታች አስቀመጣት ማለት ነው። የተጠራው አምቡላንስ ወደየት እንደሚሄድ አስቡት!

ሌላው ስሕተት ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ኬክሮስ ይቀድማል፤ ኬንትሮስ ይከተላል። 38.167ን አስቀድሞ 10.667ን ያስከተለ ሰው ደብረ ወርቅን በሜዲትራኒያን ባሕር፣ በቱኒዚያና በሰርዲኒያ ደሴት መካከል ካለው ውኃ ላይ ጥሏታል።

ከነጥቡ በኋላ የሚመጡት አኃዞችም ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያው አኃዝ በአንድ ሲለወጥ 11 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሁለተኛው 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ሦስተኛው 110 ሜትር፣ አራተኛው 11 ሜትር፣ አምስተኛው 1.1 ሜትር ያንቀሳቅሳል። ቤትን ለማግኘት አምስት አኃዝ ይበቃል። ከዚያ በላይ መጻፍ ቁጥር ማብዛት ነው።

በቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቀድሞ የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ካርታ ያለው ሰውም ይጠንቀቅ። እነዚያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው መነሻ ነው። ይህ መነሻ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከሚገኝ ነጥብ ተነሥቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በተደረገው የዓባይ ተፋሰስ ቅየሳ ወደ አገራችን የተዘረጋ ነው። ስልኮቻችን የሚጠቀሙት ግን ደብልዩ ጂ ኤስ 84 የሚባለውን የዓለም መነሻ ነው። በእኛ አካባቢ ሁለቱ ከ100 ሜትር በላይ ይለያያሉ። የአንድ ገበሬ ማሳ ወደ ጎረቤቱ ለመሻገር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ የወሰን ጉዳይ ሲነሣ የስልክ ቁጥር ለመጠቆሚያ እንጂ ለዳኝነት አይበቃም። ዳኝነቱ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችና የይዞታ ማረጋገጫው ነው።

ሀብት ፍለጋ የሚመስለው ጨዋታ

ይህን ሁሉ በሰሌዳ ላይ ከመስማት ይልቅ በእግር ተጉዞ መማር ይሻላል። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ ለዚህ ይጠቅማል።

እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ዓ.ም. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ሲቪሎች የሚቀበሉትን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በሜይ ወር መጀመሪያ ላይ ይህ ማደብዘዝ ቆመ። ሁለት ቀን ሳይሞላ፣ ሜይ 3 ቀን ዴቭ ኡልመር የተባለ አሜሪካዊ በኦሪገን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ጫካ ውስጥ አንድ ባልዲ ደበቀ። በውስጡ መጻሕፍት፣ ወንጭፍና የስም መመዝገቢያ ደብተር የመሳሰሉትን አኖረ፤ ኮኦርዲኔቱንም ለሰው ሁሉ አሳወቀ። በሦስት ቀን ውስጥ ማይክ ቲግ የተባለ ሰው አገኘው። በዚያው ወር ጨዋታው ስሙን አገኘ። ዛሬ በመላው ዓለም ከሦስት ሚሊዮን በላይ የተደበቁ ሣጥኖች አሉ።

ሕጉ ቀላል ነው። ያገኘ ሰው ደብተሩ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ከሣጥኑ ዕቃ ከወሰደ ዋጋው እኩል ወይም የሚበልጥ ዕቃ ይተካል። ሣጥኑንም እንደነበረ፣ በነበረበት ይመልሳል። ምግብ፣ ስለት ያለው ነገር፣ የአልኮል መጠጥና የሚፈነዳ ነገር አይቀመጥም። መሬት ተቆፍሮ አይቀበርም። የመሬቱ ባለቤት ሳይፈቅድ አይደበቅም። ታማኝነትን፣ ትዕግሥትንና ለሚቀጥለው ሰው ማሰብን የሚያስተምር ጨዋታ መሆኑን አስተውሉ። ማንም በማያይበት ቦታ ከሣጥኑ ፊት የቆመ ልጅ የሚበልጠውን ይተካ ወይም አንሥቶ ይሂድ የሚያውቀው እርሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው።

በእኛ አገር ሲጫወቱት

ጨዋታው እንዳለ ወደ እኛ አካባቢ ይምጣ አንልም። ባለቤቱ ያልታወቀ የተዘጋ ቆርቆሮ በየትኛውም አገር ያስደነግጣል። በእንግሊዝ አገር ዌዘርቢ በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የጂኦካሺንግ ሣጥን ቦምብ መስሎ ታይቶ መንገድ ተዘግቷል፤ ባለሙያዎች ተጠርተውም ሣጥኑን በፍንዳታ አጥፍተውታል። ጸጥታ በሚያሳስብበት በዛሬው ሁኔታችን በድልድይ ሥር፣ በገበያ፣ በመናኸሪያ ወይም በመንግሥት መሥሪያ ቤት አጥር አጠገብ ሣጥን ማኖር፣ ስልክ ይዞ እየዞሩ መቅዳትም ለራስም ለሌላውም አደጋ ነው። በመስጊድ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመቃብር ቦታ አካባቢም ፈጽሞ አይገባም። ደብረ ወርቅ ስሟን ከጥንታዊው ደብር ጋር ተጋርታ የምትኖር ከተማ ናት፤ አንዱ የሌላውን ክብር መጠበቅ አብሮ የመኖራችን መሠረት ነው።

ታዲያ እንዴት እንጫወተው? በትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ርእሰ መምህሩ አውቀውና ፈቅደው፣ በአንድ ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን የሚያልቅ ይሁን። የቤት ጓሮ አይበቃም፤ ስልኩ አምስት ሜትር ስለሚስት ልጆቹ ከቁጥሩ ይልቅ በዓይናቸው ያገኙታል። ቢያንስ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ስፋት ያስፈልጋል።

መምህሩ ወይም አባትየው በሦስት ቦታ ላይ ክዳን ያላቸው ባዶ የሻይ ቅጠል ጣሳዎችን ያኖራል፤ በመካከላቸው ቢያንስ 50 ሜትር ይኑር። በየቦታው ሦስት ጊዜ አንብቦ አማካዩን ይወስዳል። ለመጀመሪያው ጣሳ በዲግሪና ነጥብ ባለው ደቂቃ ይጻፍላቸው፤ ሁለተኛው በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ፣ ሦስተኛው ነጥብ ባለው ዲግሪ ይሁን። ልጆቹ አራት አራት ሆነው፣ ለአራቱ አንድ ስልክ ይዘው፣ እየለወጡ ይፈልጋሉ። አንዱ ያነባል፤ አንዱ ያሰላል፤ አንዱ ይመራል፤ አንዱ ይመዘግባል። ሴቶች ልጆችም ስልኩን በተራቸው ይያዙ እንጂ መዝጋቢ ብቻ ሆነው አይቅሩ። ወደ ቦታው ሲቃረቡ ስልኩን ኪስ ከትተው በዙሪያው ባለው አምስት ሜትር ውስጥ በዓይን ይፈልጉ። መጨረሻ ላይ ጣሳዎቹ በሙሉ ይለቀማሉ።

እንዲህ የተለማመደ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ሌሊት አባቱ «ልጄ፣ ቦታችንን ለሹፌሩ ላክለት» ቢለው አይደናገርም።

ከጨዋታው ወደ ቂብላ

የቦታ ቁጥር ለሙስሊሙ ኅብረተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። አል-ኸዋሪዝሚ እ.ኤ.አ. በ833 በፈጸመው «ሱረቱል አርድ» በተሰኘው መጽሐፉ ከ2,400 በላይ ቦታዎችን ከነኬክሮሳቸውና ከነኬንትሮሳቸው ዘርዝሯል። አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 ያጠናቀቀው መጽሐፍ የጋዝናን ከተማ ትክክለኛ ቦታ ለመወሰን የተደከመበት ነው። ከዓላማዎቹ አንዱ የከተማዋን ቂብላ በሒሳብ ማግኘት ነበር። የሁለት ቦታዎች ኮኦርዲኔት ካልታወቀ የአንዱ አቅጣጫ ከሌላው ሊሰላ አይችልምና። በአገራችንም ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 ቴዎዶላይት ይዞ ተራራ ለተራራ እየወጣ የብዙ ቦታዎችን ልክ መዝግቧል። እርሱ በዓመታት ድካም ያገኘውን ዛሬ ልጆቻችን በአንድ ደቂቃ ያነቡታል።

መካ በ21.42 ሰሜንና በ39.83 ምሥራቅ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ወርቅ ሲሰላ ቂብላው ከትክክለኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ 8 ዲግሪ ያህል ዘንበል ይላል፤ ርቀቱም 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የስልኩ ኮምፓስ በብረት በርና በመኪና አጠገብ ስለሚሳሳት ብቻውን አይታመንም።

ደስ የሚለው፣ ማረጋገጫው በሰማይ ላይ አለ። በየዓመቱ ግንቦት 20 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ላይ፣ እንደገናም ሐምሌ 9 አካባቢ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ፀሐይ በካዕባ አናት ላይ ትቆማለች። የእኛና የመካ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቁጠር መለወጥ አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ አንድ ሜትር የሚሆን በትር ቀጥ አድርጎ የተከለ ሰው 19 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ያያል። ከጥላው ጫፍ ወደ በትሩ ሥር የሚወስደው አቅጣጫ ቂብላ ነው። ሐምሌ ደመና ስለሚበዛበት የግንቦቱ ቀን ይሻላል። ስልኩ የሰጠንን ከፀሐይዋ ጋር ማስተያየት ለቤተሰብ መልካም ትምህርት ነው።

ቁጥሩ አማና ነው

በመጨረሻም ለወላጆች አንድ አደራ አለን። ቤትህን የሚያገኝልህ ቁጥር፣ ለማትፈልገው ሰውም ቤትህን ያገኝለታል። ልጆች የቤታቸውን ኮኦርዲኔት በማኅበራዊ ገጽ ላይ እንዳይለጥፉ፣ በስልክ ላልተዋወቁት ሰው እንዳይልኩ ይነገራቸው። በስልክ የተነሣ ፎቶግራፍ «ሎኬሽን» በካሜራው ላይ ተፈቅዶ ከሆነ የተነሣበትን ቦታ ቁጥር በውስጡ ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ በቅንብሩ ውስጥ ይዘጋ። የምንሄድበትን እግር በእግር የሚያሳየው የቀጥታ መልእክት ለቤተሰብ ብቻ፣ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ይሁን። የሰው ቤት ቁጥርም የእርሱ ገመና ነውና ሳይፈቅድ አይተላለፍ።

ዛሬ ማታ አንድ ሥራ ሥሩ፦ ከቤታችሁ ደጃፍ ወጥታችሁ ሰማይ በሚታይበት ቆማችሁ ሁለቱን ቁጥሮች አንብቡ። ኬክሮሱን አስቀድማችሁ፣ አምስት አምስት አኃዝ ከነጥቡ በኋላ አድርጋችሁ በወረቀት ጻፉና በሩ ኋላ ለጥፉ። ታላቁም ታናሹም ልጅ ያንብበው። የሚያስፈልግበት ቀን ባይመጣ አልሐምዱሊላህ፤ ከመጣ ግን ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አላህ ቤቶቻችንን በሰላም ይጠብቅልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።